የመኳንንት መኖሪያ የነበረ ጥንታዊ ቤት ከአረጋዊት እናትና ከሕፃን ጋር ለመጎብኘት ምን ላዘጋጅ?

ጥያቄ፦ የሕፃኗ እናት
በሚቀጥለው ወር ድሮ የመኳንንት መኖሪያ የነበረ፣ አሁን ለሕዝብ ክፍት የሆነ ባለ 3 ፎቅ ቤት ልንጎበኝ ነው። እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ልጄ 14 ወሯ ነው። የሕፃን ጋሪ ይገባል? ፎቶስ? ስንት ሰዓት እንመድብ?

መልስ፦ ደረጃ ቆጣሪ
እህቴ፣ ቀድመሽ ደውዪ። “ለአረጋውያን ይመቻል?” ብለሽ ከጠየቅሽ “አዎ” ይሉሻል፤ ስለዚህ ቁጥር ጠይቂ። እስከ ላይኛው ፎቅ ስንት ደረጃ አለ? የእጅ መደገፊያው በሁለቱም በኩል ነው? ጎብኚ የሚቀመጥበት ወንበር በየትኞቹ ክፍሎች አለ? በቅርስነት የተጠበቀ ቤት ግድግዳውና ወለሉ እንደልብ ስለማይቆረጥ ብዙዎቹ ሊፍት የላቸውም። አንዳንዶቹ ግን ደረጃ ለማይወጣ ሰው የላይኛውን ፎቅ ፎቶ በአልበም ወይም በቪዲዮ ያሳያሉ። ካልጠየቅሽ የሚነግርሽ የለም።

የእናትሽን ምርኩዝ ጫፍ ጎማም እዪው። ካለቀ በሰም የተወለወለ ወለል ላይ ያንሸራትታቸዋል፤ ብረቱ ከወጣ ደግሞ እንጨቱን ይወጋል። ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ የሰው ክብደት በ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሲያርፍ ወለሉ ይጎደጉዳል።

መልስ፦ አዳራሽ
ጋሪው አብዛኛውን ጊዜ በር ላይ ይቀራል። ጎማው ከግቢ የያዘው ጠጠርና አሸዋ ወለሉን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ልጅቷን በደረት ማቀፊያ ያዣት። በጀርባ ከሆነ ስትዞሪ ከኋላሽ ያለው አይታይሽም፤ የጠረጴዛ ዕቃ የሚወድቀው እንዲህ ነው። የጀርባ ቦርሳም ወይ ወደ ፊት ይዞራል ወይ ለጥበቃ ይሰጣል።

ክፍሎቹ ይጨልሙባችኋል። ጨርቅና በውሃ ቀለም የተሠራ ሥዕል የሚታየው በ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ብርሃን ነው፣ የዘይት ቀለም ሥዕል በ200 ገደማ፤ ብርሃን ያደበዘዘው ቀለም አይመለስምና። ከፀሐይ ስትገቡ መጀመሪያው አዳራሽ ውስጥ 5 ደቂቃ ያህል ቁሙ፣ ዓይን ይለምዳል። በተለይ እናትሽ ወዲያው ደረጃ እንዳይጀምሩ። ሹራብም ያዙ፤ አንዳንድ ቤት ማሞቂያው የሚከፈተው እርጥበቱን ለመቆጣጠር እንጂ ለሰው አይደለም።

የሕፃኗ እናት
አመሰግናለሁ። ፍላሽ ሥዕል ያበላሻል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ሌንስ
የተጋነነ ነው። የአንድ ፍላሽ ጉዳት ቀኑን ሙሉ በመስኮት ከሚገባው ብርሃን ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ክልከላው ሌላውን ጎብኚ ስለሚረብሽና የሰዉን መተላለፍ ስለሚያጓትት ጭምር ነው፤ ቢሆንም ክልከላ ክልከላ ነው። አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) ከ1600 እስከ 3200 አድርጊ፣ ክርንሽን ከጎንሽ አጣብቂ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ ፎቶውን አንሺ። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና የሰልፊ ዘንግ አይገባም። ስልክሽን ዕቃዎቹን ከሚከልለው ገመድ አሳልፈሽ አትዘርጊ፤ ብዙ ቦታ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል።

መልስ፦ ደረጃ ቆጣሪ
ስለ ሰዓቱ፦ 2 ሰዓት መድቢ። የመጨረሻው መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ ከመዝጊያው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቀድማል። ዝግ ቀኑንም አጣሪ፤ የፈረንሳዩ የቬርሳይ ቤተ መንግሥት እንኳ ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው። ሲከፈት ግቡ፤ ቡድኖች ሳይደርሱ ዋና ዋናዎቹን ክፍሎች ታያላችሁ።

በየክፍሉ ያለውን መግለጫ ሁሉ ለማንበብ አትድከሙ። ይልቅ በሮቹን እዩ። በብዙ የአውሮፓ ቤቶች የእንግዳ መቀበያ ክፍሎች በሮቻቸው በአንድ መስመር ትይዩ ናቸው፤ የእንግዳው ማዕረግ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ውስጥ ይዘልቅ ነበር፣ መጨረሻው መኝታ ቤቱ ነው። ግድግዳ መስሎ በወረቀት የተሸፈነ ቀጭን በር ካያችሁ የአገልጋዮች ነው፤ ከኋላው ጠባብ ደረጃ ወደ ወጥ ቤት ይወርዳል። እዚያ ኮሪደር ላይ የተደረደሩት ደወሎች እያንዳንዳቸው የአንድ ክፍል ናቸው። ወጥ ቤቱ ብዙ ጊዜ ምድር ወይም ከምድር በታች ነው፤ እናትሽ ፎቁን ባይወጡ እንኳ ይህን እንዳያልፉት። ወለሉ ግን ድንጋይ ነው፣ ሲረጥብ ያዳልጣል፤ ክንዳቸውን ያዢ።