በመኪና ጣራ ላይ ለሚዘረጋ ድንኳን ምን ዓይነት ፖርቶ መጋላ ልምረጥ?

ጥያቄ፦ መንገደኛው፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ቶዮታ ፕራዶ 150 አለኝ። ከባለቤቴና ከአምስት ዓመት ልጃችን ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ስንሄድ እስካሁን የምናድረው መሬት ላይ በተተከለ ድንኳን ነው። የመሬቱ ብርድና እርጥበት ለልጁ ስለሚከብደው፣ የጅብም ነገር ስለሚያሳስበን፣ ጣራ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን ለመግዛት ወስነናል። የመረጥነው ድንኳን 62 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የመኪናው ማኑዋል ደግሞ ጣራው ላይ ከ80 ኪሎ ግራም በላይ እንዳይጫን ያዛል።

ሁለት ነገር ግልጽ አልሆነልኝም። የመጀመሪያው፣ ሦስታችን ከነመኝታ ልብሳችን ስንወጣበት ክብደቱ ከ200 ኪሎ ግራም ስለሚያልፍ፣ ጣራው እንዴት ሊሸከመን ይችላል የሚለው ነው። ሁለተኛው የፖርቶ መጋላው ምርጫ ነው፤ አንድ በያጅ ከብረት ቱቦ ጠንካራ አድርጎ ሊሠራልኝ ተስማምቷል፣ ዘመዶቼ ግን ከዱባይ የአሉሚኒየም እንዳስመጣ ይመክሩኛል። ዋናው ጉዞአችን ከጎባ ተነሥቶ ሳነቲን አቋርጦ ወደ ዶሎ መና በሚወርደው ፒስታ ላይ መሆኑን ከግምት አስገብታችሁ ብትመልሱልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ባለሙያው፣ አዳማ

ወንድሜ፣ ከመግዛትዎ በፊት መጠየቅዎ መልካም ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርስ የሚጋጩ የመሰሉት የሚለኩት የተለያየ ነገር ስለሆነ ነው። በማኑዋሉ ላይ ያለው 80 ኪሎ ግራም መኪናው በሚጓዝበት ጊዜ የተፈቀደ ጭነት ነው። መኪና በሚጓዝበት ጊዜ ጣራው የሚሸከመው የዕቃውን ክብደት ብቻ አይደለም፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ 62 ኪሎው ድንኳን ለቅጽበት የእጥፉን ያህል ሊጫን ይችላል፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት፣ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይጎትታል። መኪናው ቆሞ እናንተ ስትተኙ ግን ይህ ሁሉ የለም፤ ክብደቱ ጸጥ ብሎ በምሰሶዎቹ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ለዚህም ነው አንዳንድ የመኪና አምራቾች ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ የሚያትሙት። ለምሳሌ ከቅርብ ዓመታት የሱባሩ አውትባክ ሞዴሎች አንዳንዶቹ በጉዞ ላይ የሚፈቅዱት 80 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ቆመው ሳሉ ግን ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ይችላሉ። ስለዚህ የሌሊቱ ክብደት ብዙም አያስጨንቅዎ፤ ሊያስጨንቅዎ የሚገባው ቀን ላይ የሚያደርጉት ጉዞ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። ፖርቶ መጋላው ራሱ የጣራ ጭነት ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ከ80 ላይ 62 ሲቀነስ የሚቀረው 18 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ይህም ለፖርቶ መጋላው፣ ለእግሮቹና ለብሎኖቹ በሙሉ ነው። በዚህ ላይ የፒስታው ጉዳይ አለ። ከታወቁት የፖርቶ መጋላ አምራቾች መካከል ለአስፋልት የተሰጠው ልክ ከአስፋልት ውጭ ሲኬድ ለ1.5 እንዲካፈል የሚያዝዙ አሉ። ማኑዋልዎ ስለ ፒስታ ለይቶ ካልተናገረ፣ እኔ ለጣራውም ይህንኑ ስሌት እይዝ ነበር። 80 ለ1.5 ሲካፈል 53 ገደማ ይመጣል። እንግዲህ የመረጡት ድንኳን ያለ ምንም ፖርቶ መጋላ ብቻውን ከዚህ ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ ምክሬ ከፖርቶ መጋላው በፊት ድንኳኑን እንደገና እንዲያስቡበት ነው፤ 45 ኪሎ ግራም አካባቢ የሚመዝኑ፣ ጨርቃቸው የሚታጠፍ ባለ ሁለት ሰው ድንኳኖች አሉ።

የሦስቱንም ልክ፣ ማለትም የጣራውን፣ ፖርቶ መጋላው ጣራውን የሚይዝባቸውን እግሮችና የራሱን የፖርቶ መጋላውን፣ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ የሚወስንልዎት ከሦስቱ ትንሹ ነው። 150 ኪሎ ይችላል የተባለ ፖርቶ መጋላ ቢገዙ የጣራዎ 80 አይጨምርም።

መልስ፦ በያጅ ነኝ፣ ሐዋሳ

በብየዳ ሙያ የምተዳደር ሰው ነኝና በአገር ውስጥ የሚሠራውን ፖርቶ መጋላ ለማጣጣል አልጽፍም። የዝናብ መውረጃ ጠርዝ ባላቸው በድሮዎቹ ላንድክሩዘሮች ላይ፣ እግሮቹ በሙሉ የጠርዙ ርዝመት ላይ ስለሚያርፉ፣ በደንብ የተበየደ ብረት ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ፕራዶ 150 ግን ያ ጠርዝ የለውም፤ ጭነቱ የሚያርፈው ፋብሪካው በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ባዘጋጃቸው ጥቂት ማሰሪያዎች ላይ ነው።

ክብደቱንም አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ጎኑ 25 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ በሜትር 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሁለት ሜትር ርዝመት ላለው፣ ዙሪያው አጥር ለተሠራለት ፖርቶ መጋላ ቢያንስ 20 ሜትር ቱቦ ይገባል፤ ይህ 28 ኪሎ ግራም ነው። ወለሉን በ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ልሸፍን ካሉ፣ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 8 ኪሎ ግራም ይጨመራል፤ በ2.5 ካሬ ሜትር 20 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ሁሉም ሲደመር 48 ይሆናል፤ ድንኳኑ ገና አልተጫነም። የአሉሚኒየም ክብደት ለእኩል መጠን የብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ ጥንካሬውን ለማካካስ ወፍራም ተደርጎ ቢሠራ እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በያጅዎ ሥራውን ከጀመረ፣ መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት ሚዛን ላይ እንዲያስቀምጠው ይጠይቁት። ጣራውን በስቶ በብሎን ልሰር ካለ ግን አይፍቀዱ፤ ቀዳዳው ውኃ ያስገባል፣ ቀጭኑ ላሜራም በንዝረት ይቀደዳል።

ከጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ድንኳኑን ወደ 45 ኪሎ ግራም ወዳለው ለመቀየር ተስማምተናል፤ ስፋቱ 140 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከልጃችን ጋር ጠበብ ብንልም እንተኛበታለን። የብረቱንም ሐሳብ ትቼዋለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ሙሉ ወለል ያለው የአሉሚኒየም ፖርቶ መጋላ ልግዛ ወይስ ሁለት አግዳሚ ዘንግ ብቻ ይበቃኛል የሚለው ነው።

መልስ፦ ከዱባይ

ሌላ ዕቃ ጣራ ላይ የማይጭኑ ከሆነ ሁለት ጠንካራ ዘንጎች ይበቃሉ። ሙሉ ወለል ያለው ለጄሪካንና ለመለዋወጫ ጎማ የሚመች ነው፤ የእርስዎ ልክ ግን ለእነዚያ ቦታ አይሰጥም፣ ባይፈተኑ ይሻላል። ዘንጎቹን ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ይለኩ። አንደኛ፣ በመካከላቸው ሊኖር የሚገባውን ርቀት፤ የድንኳኑ መመሪያ ዝቅተኛውን ይነግርዎታል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የጣራው ማሰሪያዎች እስከፈቀዱ ድረስ ቢራራቁ ድንኳኑ ሲዘረጋ ክብደቱ በአንድ በኩል አያዘነብልም። ሁለተኛ፣ የዘንጉን ስፋትና ውፍረት፤ ነፋስ እንዲቀንሱ ተብለው እንደ ክንፍ ጠፍጠፍ ያሉት ዘንጎች ከአንዳንድ ድንኳኖች መያዣ ጋር አይገጥሙም፣ ይህም የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሁሉም ተገዝቶ ከቤት ከገባ በኋላ ነው።

ሻጩን ፖርቶ መጋላው አይኤስኦ 11154 በሚባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ተፈትኖ እንደሆነ ይጠይቁት። በጣራ ላይ ለሚገጠሙ ዕቃ መጫኛዎች የወጣ መመዘኛ ነው። መልስ የሌለው ሻጭ ስለ ኪሎው የሚነግርዎትን ቁጥር እኔ አላምነውም።

ፍጥነትንም አይርሱ። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ፣ ከ80 ወደ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድጉ ግፊቱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ያ ሁሉ ደግሞ የሚያርፈው በአራት እግሮች ላይ ነው። ጣራ ላይ ያለ ክብደት መኪናውን ኩርባ ላይ ይበልጥ ስለሚያጋድለው፣ ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ይቀንሱ።

መልስ፦ ባለሙያው፣ አዳማ

ስለ ማሰሩ ልጨምር። ብሎኖቹ በንዝረት እንዳይላሉ ናይሎን ያለበትን ዳዶ ይጠቀሙ፤ ከሥሩም ሰፊ ሮንዴላ ያድርጉ። አሉሚኒየም ከልክ በላይ ሲጠብቅ ስለሚጨፈለቅ፣ ጥብቀቱን በሚለካ ቁልፍ መመሪያው ባዘዘው ልክ ብቻ ይሰሩት። ከአዲስ አበባ ወጥተው 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ቆመው ሁሉንም እንደገና ይፈትሹ፤ ፒስታው ላይ ከወጡ በኋላ ደግሞ በየማረፊያው። በእያንዳንዱ ብሎንና ዳዶ ላይ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ቢያሰምሩ ቁልፍ ሳያወጡ ማየት ይችላሉ፤ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው።

ጠዋት ድንኳኑ በውርጭና በትንፋሽ እርጥበት ርሶ ከታጠፈ፣ የጨርቁ ውኃ በራሱ ጥቂት ኪሎ ስለሚጨምር፣ 45 የተባለው 45 ሆኖ አይቆይም። ሳነቲ ላይ ፀሐይ እስኪወጣ ጠብቀው አድርቀው ይጠፉት፤ ብርድ ልብሱንና ፍራሹንም አውጥተው ከኋላ ወንበር ላይ ያድርጉት።