ያመለጠንን እርምጃ ማን ያሳየን? ለቼዝ አማተሮች ጥቆማ

ጨዋታው እንዳለቀ «ሪቪው» የሚለውን ነክታችሁ፣ ቀዩን ምልክት አይታችሁ፣ «አይ እኔ!» ብላችሁ ወደ ቀጣዩ ጨዋታ የምትሮጡ ከሆነ ይህ ጥቆማ ለእናንተ ነው። ስህተትን ማየት ሌላ፣ ከስህተት መማር ሌላ። የመጀመሪያውን ኮምፒውተሩ በሰከንዶች ይጨርስልናል። ሁለተኛውን እንድንሠራ የሚያስገድዱን መሣሪያዎች ግን ጥቂት ናቸው። እኔ የምመዝናቸው በዚህ ነው፦ መልሱን ከመንገሩ በፊት «እስኪ አንተ ፈልገው» የሚል መሣሪያ ይበልጥብኛል።

አማተር ተጫዋች ሁለት ዓይነት ጥፋት ያጠፋል። አንደኛው ንግሥትን በነጻ መስጠት ነው። ይሄ ያማል፤ ስለሚያምም አይረሳም። ሁለተኛው ተጋጣሚ ንግሥቱን በነጻ ሲሰጠን ሳናይ ማለፍ ነው። ይሄኛው ምንም አያምም። ጨዋታውን አሸንፈን ከሆነማ መፈጠሩንም አናውቅም። ብዙ ሰው የሚገመግመው የተሸነፈውን ብቻ ስለሆነ ሁለተኛው ጥፋት ለዓመታት ተደብቆ ይኖራል።

ትልልቆቹም ከዚህ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሶቺ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ በ6ኛው ጨዋታ፣ ማግነስ ካርልሰን በ26ኛው እርምጃ ንጉሡን ወደ ዲ2 ወሰደ። ከባድ ስህተት ነበር። ተጋጣሚው ቪስዋናታን አናንድ በፈረሱ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር ቢበላ ኖሮ ነገሩ በተገለበጠ። አናንድ ግን አላየውም፤ በኤ መስመር ያለውን ወታደሩን ገፋ። ካርልሰን ተረፈ፣ ጨዋታውንም አሸነፈ። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ በ2024 ሲንጋፖር ላይ፣ በመጨረሻው 14ኛ ጨዋታ፣ ዲንግ ሊረን በ55ኛው እርምጃ ግንቡን ወደ ኤፍ2 አመጣ። ተጋጣሚው ጉኬሽ አየው። ግንብ በግንብ፣ ጳጳስ በጳጳስ የሚለዋወጥበት መንገድ ተከፈተለት፤ ከዚያ በኋላ በወታደሮቹ ብቻ ያሸንፋል። በ18 ዓመቱም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በሁለቱም ቀን ስህተት ተሠርቷል። ልዩነቱ ማዶ የተቀመጠው ሰው ማየቱ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ መሣሪያዎቹ።

ሊቼስ፦ መጀመሪያ እዚህ ሂዱ

ለአብዛኛው ሰው የምጠቁመው ሊቼስን ነው። በ2010 የተጀመረ፣ ለትርፍ የማይሠራ፣ ማስታወቂያ የሌለው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ ድረ ገጽ ነው። ሁሉ ነገሩ ነጻ ነው። የተቆለፈ «ፕሪሚየም» ክፍል የለውም።

ጨዋታችሁ ካለቀ በኋላ የኮምፒውተር ትንተና ስታዝዙ «ከስህተቶችህ ተማር» የሚል ትርጉም ያለው ቁልፍ ይመጣል። የምወደው ይሄንን ነው። ስህተት ወደሠራችሁበት ቦታ ይወስዳችሁና ሰሌዳውን እንደነበረ አስቀምጦ የተሻለ እርምጃ ፈልጉ ይላችኋል። ካልሆነላችሁ ደግማችሁ መሞከር ትችላላችሁ። የግድ የኮምፒውተሩን አንደኛ ምርጫ ማግኘትም የለባችሁም፤ በቂ ጥሩ ከሆነ ይቀበላል። የራሳችሁን ስትጨርሱ የተጋጣሚያችሁን ስህተቶችም በዚሁ መንገድ ማየት ትችላላችሁ። ይህንን አትዝለሉት። እሱ ያለፋቸው እርምጃዎች ነገ እናንተ የምታልፏቸው ናቸው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ክፍል አለው፤ የጨዋታዎቻችሁን ስታቲስቲክስ የምትመረምሩበት። እዚያ ውስጥ ተጋጣሚ ሲሳሳት ምን ያህሉን ጊዜ እንደቀጣችሁት የሚለካ መስፈሪያ ታገኛላችሁ። የእናንተን ስህተት ተጋጣሚ ምን ያህሉን ጊዜ ሳይቀጣ እንዳለፈው የሚያሳይም አለ። ይሄኛው ትንሽ ያሳፍራል፤ ስንት ድል በዕድል እንደመጣ ይነግራችኋላ።

ጉድለቱስ? ሊቼስ ብዙ አያወራም። «ስህተት፤ የተሻለው ይሄ ነበር» ብሎ ያልፋል። ለምን እንደሆነ ራሳችሁ መስመሩን እየነካካችሁ ማወቅ አለባችሁ። ለጀማሪ ይሄ ሊያሰለች ይችላል።

ቼዝ ዶት ኮም፦ ማብራሪያ ለሚፈልግ

በዚህ በኩል ቼዝ ዶት ኮም ይበልጣል። «ጌም ሪቪው» የሚባለው አገልግሎቱ እያንዳንዱን ትልቅ ስህተት በቃላት ያስረዳል፤ ይሄ ጠጠር ጠባቂ አልነበረውም፣ ይሄ እርምጃ ሹካ ፈጥሯል (ሁለት ጠጠሮችን በአንዴ አጥቅቷል) እያለ። ለጀማሪ ትልቅ እገዛ ነው። ደግማችሁ እንድትሞክሩ የሚያደርግ ቁልፍም አለው። ችግሩ ቁልፉን ማንም አይነካውም፤ «ቀጣይ» የሚለው ይቀድማል።

ከምልክቶቹ መካከል «ሚስ» የሚለውን በተለይ ተከታተሉ። ተጋጣሚ የሰጣችሁን ዕድል ሳትጠቀሙበት ስታልፉ የሚወጣ ምልክት ነው። ከላይ ሁለተኛው ጥፋት ያልኩት ማለት ነው። «ብሪሊያንት» የሚለውን ሰማያዊ ምልክት ግን ብዙ አትውደዱት። ሰው እሱን ስክሪንሾት እያደረገ ለጓደኛ ይልካል፣ የዚያው ጨዋታ ሦስት «ሚስ» ሳይታይ ይቀራል።

የትክክለኛነት መቶኛውም እንደዚያው ነው። ተጋጣሚ ቶሎ ንግሥቱን ጥሎ እጅ ከሰጠ ቁጥራችሁ ሰማይ ይነካል። ውስብስብ ጨዋታን በጀግንነት ተጫውታችሁ ደግሞ ዝቅ ሊል ይችላል። ሁለት ጨዋታ በእሱ አታወዳድሩ።

በነጻ የሚሰጠው ግምገማ ውስን ነው፤ ከዚያ በላይ ክፍያ ይጠይቃል። መክፈል የግድ ነው ወይ? አይመስለኝም። የተጫወታችሁትን ጨዋታ በፒጂኤን አውጥታችሁ ሊቼስ ላይ መለጠፍ ትችላላችሁ። ፒጂኤን ከ1993 ጀምሮ ያለ፣ ሁሉም የቼዝ ፕሮግራም የሚያነበው ተራ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ እዚያ ተጫወቱ፣ እዚህ ገምግሙ። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል።

ስቶክፊሽ፣ ቼዝቤዝ እና የመሳሰሉት

ሊቼስ ከጀርባ የሚያሠራው ስቶክፊሽን ነው፤ ምርጡን እርምጃ አስልቶ የሚያገኝ ፕሮግራም፣ «ሞተር» የሚባለው። ነጻ ነው፣ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይም መጫን ይቻላል። ኤን ክሯሳን በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ውስጥ ብታስገቡት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ግን ስቶክፊሽ ብቻውን አስተማሪ አይደለም። ከዓለም ሻምፒዮን በላይ ይጫወታል፣ አንድ ቃል ግን አያስረዳም። በእሱ ግምት በሰባት ነጥብ ስትመሩ ቆይታችሁ ወደ አራት ብትወርዱ ቁጥሩ ተንሸራተተ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ያው እያሸነፋችሁ ነው። ከእኩል ወደ ሽንፈት፣ ወይም ከማሸነፍ ወደ እኩል የወሰዳችሁን እርምጃ ብቻ ፈልጉ። በአንድ ጨዋታ ሁለት ሦስት ካገኛችሁ ይበቃል።

የጨዋታዎች ዳታቤዝ የሆነው ቼዝቤዝ ጥሩ ነው፣ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ነው፣ ይከፈልበታል። ለአማተር አይመከርም። የሚያስፈልጋችሁ ዳታቤዝ ሳይሆን ትዕግሥት ነው።

ኤይምቼስ የተለየ ነገር ይሠራል። ጨዋታዎቻችሁን ከሁለቱ ድረ ገጾች ሰብስቦ የሚደጋገመውን ድክመት ይነግራችኋል፦ ብልጫ ይዛችሁ መጨረስ አቃታችሁ ወይስ ሰዓት አለቀባችሁ? ብዙ ለሚጫወት ሰው ጠቃሚ ነው። በሳምንት ሁለቴ ለሚጫወት ግን የሚሰበስበው ነገር አያገኝም።

ወረቀትና እስክሪብቶ

አዎ፣ ይሄም ከጥቆማው ውስጥ ነው፤ ደረጃውም ከሊቼስ አይተናነስም። ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ጨዋታውን ብቻችሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዩት። የት ላይ ግራ እንደገባችሁ፣ ምን እንደፈራችሁ፣ የትኛውን እርምጃ አስባችሁ እንደተዋችሁት ጻፉ። ይህንን ስቶክፊሽ አያውቀውም። እናንተም ነገ አታስታውሱትም። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ሚኻኤል ቦትቪኒክ ተጫዋች የራሱን ጨዋታ መርምሮ በጽሑፍ ማውጣት አለበት የሚል ጽኑ እምነት የነበረው፣ ሞተር ባልነበረበት ዘመን ነው። ዛሬም ምክሩ አላረጀም።

ስትጽፉ ሰዓቱንም እዩ። ሊቼስ እያንዳንዱ እርምጃ ስንት ሰከንድ እንደወሰደ ይመዘግባል። ስህተታችሁ በሁለት ሰከንድ የመጣ ከሆነ የታክቲክ ትምህርት አያስፈልጋችሁም፤ መቆም ነው የሚያስፈልጋችሁ። አራት ደቂቃ አስባችሁ ከተሳሳታችሁ ግን ያላያችሁት የንድፍ ዓይነት አለ ማለት ነው። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። በነገራችን ላይ የሦስት ደቂቃ ብሊትዝ (ፈጣን ጨዋታ) መገምገም ብዙም ትርፍ የለውም። በየእርምጃው አሥር ሰከንድ የሚጨመርበት የ15 ደቂቃ ጨዋታ ይሻላል፤ ቢያንስ አስባችሁ የተሳሳታችሁት ነው።

እጅ የሰጣችሁበትን የመጨረሻ ሰሌዳም አትርሱ። በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ ዲፕ ብሉ ከሚባለው ኮምፒውተር ጋር ባደረገው ሁለተኛ ጨዋታ እጅ ሰጠ። በኋላ ተንታኞች ቦታውን ሲመረምሩት በተደጋጋሚ ቼክ እኩል መውጫ መንገድ እንደነበረው አሳዩ። ካስፓሮቭ ካመለጠው እኛን ስንቴ አምልጦን ይሆን?

ያገኛችሁትን ቦታ ላለመርሳት አንኪን እጠቁማለሁ። የመማሪያ ካርዶችን ልትረሱ ስትሉ እየመለሰ የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው። ፊት ለፊቱ ላይ የሰሌዳውን ስክሪንሾት አድርጉ፣ ጀርባው ላይ ያመለጣችሁን እርምጃና ለምን እንዳመለጣችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ምክንያቱን ካልጻፋችሁ ካርዱ ከተራ ፐዝል አይለይም።

ሰውስ?

ፊት ለፊት ከተጫወታችሁ የመጀመሪያው አስተማሪ ተጋጣሚያችሁ ነው። ጨዋታው እንዳለቀ «እዚህ ጋ ምን ፈርተህ ነበር?» በሉት። እናንተ ያላያችሁትን እሱ ሲፈራ እንደነበር ትሰማላችሁ። የተጋጣሚን ፍርሃት የሚያሳይ ፕሮግራም እስካሁን አልገጠመኝም።

አሠልጣኝ ለመቅጠር ካሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የተሸነፋችሁበትን አንድ፣ ያሸነፋችሁበትን አንድ ጨዋታ ይዛችሁ ሂዱና ምን እንደሚያደርግ እዩ። ገና ከጅምሩ ሞተሩን ከፍቶ ቀስቶቹን የሚያነብላችሁ ከሆነ እሱንማ ቤታችሁ ሆናችሁ በነጻ ታገኙታላችሁ። «ይህንን ስትጫወት ምን እያሰብክ ነበር?» ብሎ የሚጀምረውን ያዙት። በተለይ ያሸነፋችሁበትን ጨዋታ አስቀድሞ የሚያነሳ ከሆነ።