ለትምህርት ቤታችን ምን እንግዛ? ልብ ወለድ ወይስ አነቃቂ?

የጥግ ወንበር፦ እንደምን ዋላችሁ። እኛ የቀድሞ ተማሪዎቹ ለሰሜን ሸዋው ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ያዋጣነው ገንዘብ 180,000 ብር ደርሷል፤ እጃችሁ ይባረክ። ኮሚቴው ትናንት ያወጣውን የግዢ ዝርዝር ግን አየሁትና ሆዴ አልቆረጠም። ከአሥሩ መጽሐፍ ሰባቱ አነቃቂ ነው። ስለ ስኬት፣ ስለ ሀብት፣ ሌሊት 11 ሰዓት ስለ መነሳት። ልብ ወለዱ ለስሙ ያህል ከታች ተወሽቋል። እኔም የኮሚቴው አባል ነኝ፤ ግን ገንዘቡ የሁላችን ስለሆነ ሁላችሁም ተናገሩ። የኔ ሐሳብ ቁጥሩ ይገልበጥ ነው።

ሊቀመንበሩ፦ ወንድሜ፣ ይህን ስብሰባው ላይ ብትለው ምን ነበረበት? እሺ፣ እዚሁ እንነጋገር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2። ያ ሁሉ ልጅ ወድቆ ቤቱ ሲቀመጥ የፍቅር ታሪክ ነው የምትሰጠው? እኔ 12ኛን ወድቄ ጋራዥ ስገባ አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ የትርጉም መጽሐፍ አገኘሁ። «ነገ የምትሠራውን ዛሬ ማታ ጻፍ» ይላል። ተራ ነገር ነው፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ጻፍኩ። ዛሬ ስድስት ሠራተኛ አለኝ። ልብ ወለድ ምን አደረገልኝ? ምንም።

ቲቸር፦ ልጆቼ፣ እንደምን ናችሁ። አማርኛ ያስተማርኳችሁ እኔ ስለሆንኩ ዝም ብል ነውር ነው።

አነቃቂ መጽሐፍ ትናንት ከውጭ የመጣ አድርጋችሁ አትዩት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»ን በ1910 ዓ.ም. አሳትመዋል። አባት ለልጁ ስለ ሥራ፣ ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ስለ ጠባይ የሚመክርበት መጽሐፍ ነው። ሊቀመንበሩ የሚወደው ዓይነት መሆኑ ነው። ግን እኚሁ ሰው በ1925 «አዲስ ዓለም»ን ጻፉ፤ ልብ ወለድ። ለምን? ምክር ጽፈው የለም እንዴ? አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ፓሪስ ተምሮ ይመለስና አባቱ ሲሞቱ ተዝካር አልደግስም ብሎ ከዘመድ አዝማድ ጋር ይጣላል። «አትደግሱ» ብለው በምክር ቢጽፉት የሰፈሩ ሰው አንብቦ «እሳቸው ምን ቸገራቸው፣ ሀብታም ናቸው» ይላቸው ነበር። ልጁን መሐል አስገብተው በዘመድ ሲያስገፈትሩት ግን አንባቢው ራሱ ከማን ጋር እንደቆመ ይጠይቃል። ተጉለት ከእናንተ ትምህርት ቤት ስንት ሰዓት ነው? በዚያ ክፍል ውስጥ የአባቱን ተዝካር በብድር የደገሰ ልጅ አላስተማርኩም?

ደግሞ «ልብ ወለድ» የሚለው ስም የመጣው ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ነው። ሮም በ1900 ዓ.ም. ሲታተም ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ልብ የወለደው ማለት ነው። እናንተ ሰፈር «ውሸት» ለማለት ስትጠቀሙበት እሰማለሁ፤ ያኔም ጆሮዬን ያመኝ ነበር።

የሪያዷ፦ ቲቸር፣ እግርዎን ልሳም፣ ግን ዛሬ ልቃወምዎት ነው። እኔ ሪያድ የሰው ቤት ስሠራ 9 ዓመቴ ነው። ሌሊት ልብስ ስተኩስ በጆሮ ማዳመጫ የምሰማው አነቃቂ ነው። ይስቁብኝ። «አንቺ ትችያለሽ» የሚለኝ ሰው በቀን ውስጥ ሌላ የለም፤ ከድምፁ በስተቀር። አንዴ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰው ላከልኝ። ሰብለ ወንጌል ጋ ስደርስ ካውያው በእጄ እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ የማዳም ሸሚዝ ተቃጠለ። ከደመወዜ ተቆረጠ። እና ልብ ወለድ ለኔ የሚያስከፍል ነገር ነው። ጊዜና ፀጥታ ያለው ያንብበው። እነዚያ ልጆች ነገ እንደኔ ፓስፖርት ሊያወጡ የሚሰለፉ ናቸው፤ ጉልበት የሚሆናቸውን ስጧቸው።

የጥግ ወንበር፦ እህቴ፣ ሸሚዙ አሳዘነኝ። ግን እስቲ አስቢው፤ 9 ዓመት ከሰማሻቸው አነቃቂዎች የአንዱን ስም አልጠራሽም። ሰብለን ግን በስሟ ጠራሻት።

የሪያዷ፦ ነገር አዋቂ ነህ። ሸሚዙን አንተ ትከፍላለህ?

አዟሪው፦ እኔ የ98 ባች ነኝ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ በክንዴ ደርድሬ ስዞር ዘመኔን የጨረስኩ ሰው ነኝና ከገበያ በኩል ልናገር። አነቃቂ ይሸጣል፣ አልዋሽም። ለምርቃት፣ ለልደት፣ ለሠርግ ስጦታ ሰው የሚገዛው እሱን ነው። ልብ ወለድ ገዢ ግን ቆሞ ይጨቃጨቀኛል፤ ስለ ዋጋው ሳይሆን ስለ መጨረሻው።

አሮጌ መጽሐፍ መልሼ ስገዛ የማየውን ልንገራችሁ። አነቃቂው ሲመጣ መጀመሪያው ላይ በእስክሪብቶ ተሰምሮበታል፣ ኮከብ አለ፣ «ከዛሬ ጀምሮ!!» የሚል አለ። ከገጽ 40 በኋላ ወረቀቱ ድንግል ነው። ልብ ወለዱ ሲመጣ ጥራዙ ተፈትቷል፣ ወጥ ነክቶታል፣ የመጨረሻው ቅጠል የለም። አንዳንዱ ላይ የአራት ሰው ስም አለ። ስለዚህ ለቤተ መጻሕፍት የሚገዛ ሰው ጥያቄው የቱ ያልቃል የሚለው ይመስለኛል። እንግዲህ ሻጭ ነኝ፤ ሁለቱንም አመጣለሁ።

ሊቀመንበሩ፦ ገጽ 40 ድረስ ከተነበበም ጥሩ ነው። እኔን የቀየረኝ ገጽ 12 ነው።

የጥግ ወንበር፦ ይህን አልክድህም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ገጣሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ ወደ 3,000 በሚጠጋ የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው ምን ነበር? «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን። በጦርነት ንብረቷን ስላጣች አሜሪካዊት የተጻፈ ልብ ወለድ። ነገ ይገደል አይገደል የማያውቅ ሰው እጁ የገባው እሱ ነበር፤ አብሮት የታሰረውም ሰው የታሪኩን ቀጣይ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ በላይ መነቃቃት አለ? በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያወጣ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም በዓመቱ ጠፋ፤ ዛሬም አልተገኘም። አነቃቂ መጽሐፍ ጽፎ የጠፋ ሰው ታውቃለህ?

ሊቀመንበሩ፦ ይሄ ምን የሚሉት ክርክር ነው? ደራሲው ስለጠፋ ነው ለ15 ዓመት ልጅ የምንገዛው? ደግሞ ነቢይ ገጣሚ ነው፤ አንባቢ ሆኖ ነው የገባው። የኛ ልጅ ገና አንድ መጽሐፍ አልጨረሰም። በትንሹ፣ በቀላሉ ይጀምር።

ቲቸር፦ እዚህ ላይ ሊቀመንበሩ ልክ ነው። ወፍራሙን ለጀማሪ ሰጥቶ ልጅ ያባረረ መምህር አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ባለ ነጭ ጋዋን፦ ሁለቱንም የሚያስታርቅ አለኮ። «የተቆለፈበት ቁልፍ» ልብ ወለድ ነው፤ የጻፈው ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ምሕረት ደበበ። ታሪኩን የሚፈልግ ታሪኩን፣ ምክሩን የሚፈልግ ምክሩን ይወስዳል። እኔን የሚያናድደኝ «ድህነት ያንተ አስተሳሰብ ነው» የሚለው ዓይነት ነው። እናቱ ጤፍ በጣሳ የምትገዛ ልጅ ይህን አንብቦ እናቱን በአስተሳሰቧ ሲንቃት አይቻለሁ። ክሊኒክ መጥቶ ነው የነገረኝ። እሱን ዓይነት ከዝርዝሩ አውጡልኝ፤ ለሌላው ግድ የለኝም።

12ኛ ቢ፦ ሰላም። እኔ አሁን እዚያው የምማር ነኝ፤ ታላቅ እህቴ ናት ያስገባችኝ። ማቋረጤ ከሆነ ይቅርታ። ልብ ወለድም አነቃቂም አንብበን አናውቅም፣ ማለቴ ከትምህርት ቤቱ ወስደን። ቁም ሣጥኑ በመስታወት ነው፣ ርዕሱን ከውጭ እናነባለን። «የተቆለፈበት ቁልፍ» ራሱ አለ፤ ተቆልፎበታል 😂

የጥግ ወንበር፦ ምን ማለት ነው ተቆልፏል?

የመጽሐፍ ቤቷ፦ እኔ እመልሳለሁ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አሁን ሁላችሁም ትሰድቡኛላችሁ። መጽሐፍ ሲገባ በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ደረሰኙ ማለት ነው፣ የምፈርመው እኔ ነኝ። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ አለ። አንድ ከጎደለ ከደመወዜ ነው። ከኔ በፊት የነበረችው እህት ለ11 መጽሐፍ ከፍላ ነው የተዛወረችው፤ ከ11ዱ ዘጠኙ ልብ ወለድ ነበሩ፤ ልጆቹ የሚወስዱት እሱን ነዋ። እኔም ሁለት ልጅ አለኝ። ስለዚህ ቆልፌያለሁ። እናንተ የ180,000 ብር መጽሐፍ ስታመጡ እኔ የምሰማው የ180,000 ብር ዕዳ ነው።

የሪያዷ፦ ወይኔ እህቴ። ያንቺም ሸሚዝ ተቃጥሏል።

አዟሪው፦ ይኸው። የሚጠፋው የሚነበበው ነው አላልኳችሁም?

ሊቀመንበሩ፦ ቆይ ቆይ። ንብረቱ የመንግሥት የሚሆነው ለትምህርት ቤቱ ስናስረክብ ነው። ሳናስረክብ በማኅበራችን ስም እዚያ ብናስቀምጠውስ? ሞዴል 19 አይቆረጥም። የጠፋውን እኛ እንተካለን።

የመጽሐፍ ቤቷ፦ በቃል አይሆንም። ደብዳቤ ከማኅተም ጋር ይምጣ፣ ርዕሰ መምህሩም ይፈርሙበት። ያን ቀን ቁም ሣጥኑን እከፍታለሁ።

የጥግ ወንበር፦ እኔ ደብዳቤውን ዛሬ ማታ አረቃለሁ። ከገንዘቡ 30,000 ብር ለሚጠፋው መተኪያ ይቀመጥ። የቀረው ሰባት ለሦስት፣ ግን ተገልብጦ።

ሊቀመንበሩ፦ መተኪያው ላይ ተስማምቻለሁ። ሰባት ለሦስቱ ላይ አልተስማማሁም። አምስት ለአምስት።

12ኛ ቢ፦ የጋራዡ መጽሐፍ ርዕሱ ምንድን ነው? ገጽ 12 ያለው።

ሊቀመንበሩ፦ ሽፋኑ ተገንጥሎ ነበር አልኩ እኮ፤ ርዕሱን አላውቀውም። መጽሐፉ ግን እኔ ጋ አለ። ለመጽሐፍ ቤቷ እልከዋለሁ፣ አንተ ቀድመህ ውሰደው።