ክርክር፦ የተረቱ መጨረሻ ለብቻው ይሸጥ?

ማምሻ፦
እሺ፣ ጥያቄው ይሄ ነው። ተረት ላይ የተመሠረቱ የዕቃ ፍለጋ ጌሞች፣ ማለት ሥዕል ውስጥ የተደበቀ ዕቃ እየፈለግሽ ታሪክ የምትከተይባቸው፣ ብዙ ጊዜ በሁለት መልክ ነው የሚወጡት። መጀመሪያ ውዱ ይመጣል፣ ኮሌክተርስ ኤዲሽን የሚባለው። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ርካሹ ስታንዳርድ ይከተላል። ውዱ ውስጥ ቦነስ ምዕራፍ አለ፣ ርካሹ ውስጥ የለም። እስከዚህ ጸብ የለኝም። ጸቤ ቦነሱ ውስጥ ከሚከቱት ነገር ጋር ነው።

ሰሞኑን አንዱን ስታንዳርድ ጨረስኩ፣ ስሙን ተዉት። ልዕልቷ ተረግማለች፣ ቤተ መንግሥቱን እሾህ ውጦታል፣ እኔ ደግሞ ከሩቅ የተጠራሁ መርማሪ ነኝ። ዕቃ ስለቅም፣ መቆለፊያ ስፈታ፣ በሩ ላይ የምትገጠም አንዲት ቁራጭ ጨረቃ ፍለጋ ከምድር ቤት ሰገነት፣ ከሰገነት ምድር ቤት ስመላለስ ቆየሁ። በስተመጨረሻ እርግማኑ ተሰበረ። ሠርግ ሆነ። ሙዚቃው ገባ። ልክ ደስ ሊለኝ ሲል ጠንቋይዋ የወደቀችበት ቦታ ላይ አንድ እጅ ከአፈር ብቅ አለና ዘውዱን አፈፍ አድርጎ ተመለሰ። ከዚያ ጨለማ። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ውዱን ግዙ የሚል ጽሑፍ ነው።

ይሄ ቦነስ ነው ትላላችሁ? ቦነስ ማለት ታሪኩ ካለቀ በኋላ የሚመረቅ ነገር ነው። እዚህ ግን ከዋናው ላይ ቆርሰው ነው ምርቃት ያሉት።

ቁልፉ የት አለ፦
ማምሻ፣ ንዴትሽ ይገባኛል፣ ግን ትንሽ አጋነንሽው። እርግማኑ ተሰብሯል፣ ልጅቷ ድናለች፣ ሠርጉም ተበልቷል። ተረት እዚያ ጋ ነው የሚያልቀው። ያቺ እጅ ማስታወቂያ ነች፣ በቃ። ደግሞ ብዙዎቹ ቦነሶች ቀጣይ ታሪክ አይደሉም። ጠንቋይዋ ከመክፋቷ በፊት ምን እንደነበረች፣ ያ የሚያወራው ቁራ ድሮ ማን እንደነበረ፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር ነው የሚያሳዩት። ባታዪው የሚጎድልብሽ የለም።

ሌላው፣ እነዚህን ጌሞች የሚሠሩት በአብዛኛው ትናንሽ ስቱዲዮዎች ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ሥዕል ነው፣ ሠዓሊ ቁጭ ብሎ የሠራው። አንድ ጊዜ ትከፍያለሽ፣ ያንቺ ይሆናል። ማስታወቂያ የለበትም። "ጉልበትሽ አልቋል፣ ነገ ተመለሺ" የለበትም። ስልክ ላይ ያሉትን ነፃ ተብዬዎች አይተሽ ነይና እንነጋገር፤ እዚያ ዕቃውን ስታገኚ የሚሰጡሽ ሽልማት ሌላ ዕቃ የመፈለግ ፈቃድ ነው፣ ያውም ጠብቀሽ ወይ ከፍለሽ፣ ታሪኩም ጥርት ብሎ የሚያልቅበት ቀን የለውም። ውዱ እትም ነው እንግዲህ ይሄኛውን ዓይነት ጌም በሕይወት ያቆየው።

ሂንት አልጫንም፦
እኔን ቦነሱ አያሳስበኝም። የሚገርመኝ ውዱ ውስጥ ያለው መመሪያ ነው። መልሱን አንድ በአንድ የሚነግር መጽሐፍ ጌሙ ውስጥ ከተው ያስከፍሉሃል! መልሱን እኮ ሌሎች ተጫዋቾች ደረጃ በደረጃ ጽፈው በነፃ ያወጡታል። በዚያ ላይ ፍንጭ የሚሰጥ ሂንት አለ፣ እንቆቅልሹን የሚያዘልል ስኪፕ አለ፣ ካርታው ራሱ የቀረህን ቦታ ምልክት እያደረገ ያሳይሃል። እንግዲህ አንተ የምትሠራው ምኑን ነው?

ማምሻ፦
ያንተ ሌላ ክርክር ነው ወንድሜ። ሂንቱን ካልፈለግከው ከባዱን ደረጃ ምረጥ። ብዙዎቹ ላይ ሂንቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፣ ዝም ብለህ በየቦታው ከነካካህ ቅጣት አለው፣ ቦታውን የሚጠቁመውን ብልጭታም ማጥፋት ትችላለህ። እኔ ማታ ደክሞኝ ስቀመጥ አንዱ ተንሸራታች እንቆቅልሽ አልፈታ ካለኝ ስኪፕ እላለሁ፣ አላፍርም።

ሂንት አልጫንም፦
አላፍርም ያለ ሁሉ ትንሽ አፍሯል።

ተረት ወዳዷ፦
"መጨረሻው ተቆረጠ" የሚለው ላይ ልግባ። ተረቶቹ ራሳቸው እኮ መጨረሻቸው ሲቆረጥና ሲቀጠል የኖሩ ናቸው። የተኛችውን ልዕልት ውሰዱ። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ባሳተመው ላይ ልጅቷ መንቃቷ የታሪኩ አጋማሽ ነው። ከዚያ ሁለት ልጆች ትወልዳለች። የልዑሉ እናት ደግሞ የጭራቅ ዘር ነች፣ የልጅ ልጆቿን ልትበላ ታዛለች፣ የማዕድ ቤቱ ሹም በልጆቹ ፈንታ የእንስሳ ሥጋ ሠርቶ እያታለለ ነው የሚያተርፋቸው። ጀርመኖቹ የግሪም ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጡት ላይ ይሄ ሁሉ የለም። ሳማት፣ ነቃች፣ ተጋቡ፣ አለቀ።

ቀይ ኮፍያ ለባሿ ደግሞ በተቃራኒው ነች። ፔሮ ጋ ተኩላው ይበላታል፣ ታሪኩም እዚያው ያልቃል። አዳኙ መጥቶ ሆዱን ቀዶ የሚያወጣት ግሪሞቹ ጋ ነው። እነሱም ቢሆኑ ተረቶቻቸውን እስከ 1857ቱ ሰባተኛ እትም ድረስ ሲያርሙና ሲቀያይሩ ነው የኖሩት። ታዲያ ማምሻ፣ የትኛውን "ትክክለኛ መጨረሻ" ነው የቆረጡብሽ?

ማምሻ፦
በጣም ነው የወደድኩት፣ ግን ለእኔ ነው የመሰከርሽው። ፔሮ አማቲቱን ለብቻዋ አውጥቶ አልሸጠም! ግሪሞቹም ሠርጉ ላይ ሲያቆሙ በቃ ቆሙ። መጽሐፉን የዘጋ ሰው "ቀሪውን ውዱ እትም ላይ ያንብቡ" የምትል እጅ ከገጹ ውስጥ አልወጣችበትም። አጭር ተረት ይሁን፣ ረጅም ይሁን፣ መራራ ይሁን፣ ግድ የለኝም። ተረቴን መልሱ ካልክ በኋላ ግን ቆይ አንድ ነገር ቀርቷል፣ ክፈሉና ልንገራችሁ አይባልም።

ዝምተኛው፦
እኔ ሁሌም ቅናሽ ጠብቄ ነው የምገዛው። ይኸው ሰላም ነኝ።

አሮጌው ተጫዋች፦
ልጆች፣ ነገሩ ከየት እንደመጣ ካላያችሁ እንዲሁ ትነታረካላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሚስትሪ ኬዝ ፋይልስ ሀንትስቪል የሚባለው ጌም ሲወጣ ታሪክ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። አንድ የተዝረከረከ ክፍል፣ አንድ የስም ዝርዝር፣ አንድ የሚቆጥር ሰዓት። ጃንጥላውን ፈልግ፣ እንሽላሊቱን ፈልግ፣ ሰዓቱ ሳያልቅብህ ጨርስ። ለምን እንሽላሊት እንደምፈልግ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ያኔ ተጨማሪ ክፍሎችን ለብቻ ቢሸጡልኝ ደስ ብሎኝ ነበር የምገዛው፤ ምክንያቱም የሚቆረጥ ነገር አልነበረም።

ቀስ በቀስ ሰዓቱ ወጣ፣ ቦርሳ ገባ፣ ያገኘኸውን ዕቃ ሌላ ቦታ ወስደህ ትጠቀምበት ጀመር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2010 ብሉ ቲ የሚባለው ስቱዲዮ ዳርክ ፓራብልስ የሚባሉትን ተከታታይ ጌሞች ጀመረ፣ የመጀመሪያው በዚሁ በተኛችው ልዕልት ላይ ነው። እዚያ ላይ ፍለጋው ራሱ ተቀየረ። ዝርዝር አንብበህ የማይረባ ኮተት ከመልቀም ይልቅ የተሰባበሩ ቁርጥራጮችን ትሰበስባለህ፣ ቁርጥራጮቹ ተገጣጥመው አንድ ዕቃ ይሆናሉ፣ ያ ዕቃ በሩን ይከፍታል። ለእኔ ከሁሉም በላይ ያማረው ይሄ ነው፣ ዓይንህ የሚለቅመውና ታሪኩ የሚፈልገው አንድ ነገር ሆነ። ከዚያ በኋላ ስንቱ ቀዳው።

ነገሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሚጠበው። ድሮ ታሪኩ የፍለጋው ጌጥ ነበር። አሁን ሰው ፍለጋውን የሚታገሠው ታሪኩን ብሎ ነው። የአሻሻጡ ሐሳብ ግን ያው "ትንሽ ተጨማሪ ክፍል" እንደሚሸጥበት ዘመን ነው። ማምሻ እውነት አላት።

ቁልፉ የት አለ፦
አባባ፣ ታሪኩ ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ዘለሉ። የ1 ሰዓት ነፃ ሙከራ አለ እኮ። ብዙዎቹን ሳትከፍል ትሞክራቸዋለህ፣ ካልጣመህ ትተዋለህ። ስንት ነገር ነው ቀምሰህ የምትገዛው?

ማምሻ፦
ሙከራው የሚያሳየኝ መጀመሪያውን ነው! የምንከራከረው ስለ መጨረሻው። በ1 ሰዓት ውስጥ ሥዕሉ ማማሩን፣ ድምፅ የሰጡት ሰዎች ማንበብ ይሁን መተወን ላይ መሆናቸውን፣ እንቆቅልሹ ከበድ ማለቱን አውቃለሁ። ጠንቋይዋ በአፈር ውስጥ እጇ እንደቀረ ግን አላውቅም።

ከዝርዝር ይልቅ ሥዕል፦
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ አባባ ስለ ቁርጥራጮቹ ያሉት ነገር እኔን በሌላ መንገድ ነው የነካኝ። የስም ዝርዝር ያለበት ጌም ላይ ቋንቋው ያንተ ካልሆነ ዓይንህ ሳይሆን መዝገበ ቃላትህ ነው የሚጫወተው። ዕቃው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ እያየኸው ስሙን ስለማታውቅ ሂንት ትጫናለህ። የዕቃውን ቅርጽ ጥላ ብቻ የሚያሳዩት ግን ማንንም እኩል ያደርጋሉ። ስለዚህ ሂንት የሚጫኑትን የምትንቅ ወንድሜ፣ ሁሉም ሰው ስለሰነፈ አይደለም።

ሂንት አልጫንም፦
ለአንተ ተፈቅዷል። ለማምሻ ግን አልተፈቀደም።

ቁም ነገር ልጨምር ግን። ቦነሱን ተዉትና የሚሰበሰቡትን ጉዶች እዩ። ውዱ ላይ በየክፍሉ ቅርጹን የሚቀያይር ዕቃ ይደብቃሉ፤ አበባ መስሎ ቆይቶ ለአንዲት ሰከንድ የሌሊት ወፍ ይሆናል። ይሄንን እወደዋለሁ፣ ዓይን የሚፈትነው እሱ ነው። ግን አንዱን ካመለጠህ አንዳንዱ ጌም ወደ ኋላ አያስመልስህም! ድልድዩ ፈርሷል፣ ክፍሉ ተቃጥሏል፣ አለቀ። አንዲት ቢራቢሮ ብለህ ጌሙን ከሀ እንደገና። ሌሎቹ ደግሞ ጨርሰህ ስታበቃ ወደ ማንኛውም ክፍል ተመልሰህ እንድትለቅም ይፈቅዳሉ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ለውዱ የሚከፍለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም መሰብሰብ የሚወድ ሰው ነው። ደንበኛውን ገንዘብ ተቀብለው የሚያናድዱት እዚህ ላይ ነው።

ተረት ወዳዷ፦
ይሄ እውነት ነው። እኔ ደግሞ ዳርክ ፓራብልስ ላይ ቁርጥራጭ ስትሰበስቡ የሚከፈቱትን አጫጭር ተረቶች ላንሳ። የጎን ታሪኩን እዚያው ዋናው ውስጥ ነው የሚነግሩህ፣ የክፉዋን ሰው ቁስል ለማወቅ ሌላ ነገር መግዛት የለብህም። ማምሻን የምቃወማት መስሎኝ ነበር የገባሁት፣ ግን ጥሩው መንገድ ይሄ ከሆነ መከራከሪያዬ ትንሽ ሳሳ።

አሮጌው ተጫዋች፦
ሌላም መንገድ አለ። አርቲፌክስ ሙንዲ የሚባለው የፖላንድ ድርጅት ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት የጌም መሸጫ ላይ የሚያቀርባቸው አብዛኞቹ ጌሞች ቦነሱን ከዋናው ጋር አንድ ላይ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ሁለት እትም የሚባል ጣጣ የለም። እና ጌሙ ያለ ሁለት እትም ይሞታል የሚለው ነገር አያስኬድም፣ ቁልፉ።

ቁልፉ የት አለ፦
እሺ፣ ያን እቀበላለሁ። ግን አንድ እትም ብቻ ሲሆን ርካሹ የሚባል ነገርም አይኖርም። እንደ ዝምተኛው ያለው ሰው ቅናሽ ካልመጣለት ሙሉውን ይከፍላል። አሁን እኮ ቦነስ የማይፈልግ ሰው ባነሰ ዋጋ መጫወት ይችላል። ለእናንተ የተቆረጠው ጭራ ለእሱ የተቀነሰ ዋጋ ነው።

ዝምተኛው፦
ስሜ ሲነሳ ሰማሁ። አዎ፣ ሁለቱ እትም ይቆይልኝ። ግን እጅ ከአፈር አይውጣብኝ።

ማምሻ፦
እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም! ሁለት እትም ይኑር። ዋናው ታሪክ ግን በራሱ ይዘጋ። ካልሆነ ደግሞ መሸጫ ገጹ ላይ ቦነሱ ምን እንደሆነ በአንድ መስመር ይጻፉት፤ ቅድመ ታሪክ ነው፣ ቀጣይ ነው፣ ወይስ ሌላ ተረት። ቀጣይ ከሆነ አውቄው ወይ ውዱን እገዛለሁ ወይ እተወዋለሁ። አሁን የሚጽፉት "አስደናቂ ቦነስ ምዕራፍ፣ ግሩም ሙዚቃ፣ ለኮምፒውተርዎ የሚሆን ሥዕል" ነው። ሥዕሉን ማን ጠየቃቸው?

ቁልፉ የት አለ፦
እሱማ ታሪኩን ያጋልጣል። "ቅድመ ታሪክ" ብለው ከጻፉ እኮ ጠንቋይዋ ድሮ ደግ ሰው እንደነበረች ሳትገዢው ነገሩሽ ማለት ነው።

ማምሻ፦
ሁሌም ደግ ሰው ነበረች! ሁሌም የልዕልቷ እህት ነች፣ ሁሌም አንድ ልዑል ነው ያጣላቸው። እስቲ እህት ሆና ያልተገኘች አንዲት ጠንቋይ ያለችበት ጌም ጥራልኝ፣ ሙሉ ዋጋ ከነመመሪያው ከፍዬ እገዛለሁ።