ከኮሎምቢያ የመጣችው ልጃችን ስድስተኛ ሳምንቷን ይዛለች፤ በራችንን እስከ መቼ እንዝጋ?

ጠያቂ፦ የሦስት ዓመቷ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የተከበራችሁ ወገኖች፣ እኔና ባለቤቴ ተወልደን ያደግነው ደሴ ሲሆን፣ የምንኖረው ግን በሜሪላንድ ነው። ከብዙ ዓመታት ጥበቃ በኋላ፣ ከስድስት ሳምንት በፊት ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የሆናትን ሴት ልጅ ከኮሎምቢያ በጉዲፈቻ ተቀብለን ቤታችን አስገብተናል። መጀመሪያ ያሰብነው የአገራችንን ልጅ ለማሳደግ ነበር፤ ዳሩ ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች ከኢትዮጵያ ልጅ በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ በጥር 2010 ዓ.ም. ስለከለከለና እኛም ዜግነታችንን ቀይረን ስለነበር፣ ፊታችንን ወደ ሌላ አገር አዞርን። ኮሎምቢያን የመረጥነው በአገሮች መካከል የሚደረግ ጉዲፈቻ የሚመራበት የሄግ ስምምነት አባል ስለሆነችና ጉዳዩ በመንግሥታዊው የቤተሰብ ደኅንነት ተቋም ቁጥጥር ሥር ስለሚካሄድ ነው። ፍርዱም እዚያው በፍርድ ቤት ተሰጥቶ ስላለቀ ወደ አሜሪካ የገባችው በሕግ ልጃችን ሆና ነው።

ልጃችን ከፓስፊክ ዳርቻ ጥቁር ኮሎምቢያውያን ወገን ናት። ከስምንት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ያሳደገቻት በካሊ ከተማ የምትኖር አንዲት የአደራ እናት ናት፤ በደንብ አድርጋ እንዳሳደገቻትም ከፀጉሯ አያያዝ፣ ከአነጋገሯና ሳትጸልይ ምግብ ከማትነካው ባህሪዋ ይታያል። ችግሬም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ትነቃና «ማማ» እያለች ታለቅሳለች። እኔ አጠገቧ ሆኜ፣ እጄን ጨብጣ ይዛ፣ የምትጠራው ግን ሌላ ሰው ነው። ባለቤቴ ሊያቅፋት ሲጠጋ ፊቷን ታዞራለች፤ እሱም ቅር እንዳለው ባይናገርም ዓይኑ ላይ አየዋለሁ። ዳቦና የሙዝ ጥብስ ከገበታ እያነሣች ትራስ ሥር ትደብቃለች፤ ምግብ ተከልክላ አታውቅም፣ እኛም ከልክለናት አናውቅም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ስሟን እንኳ ከማላውቃት ሴት ጭን ላይ ወጥታ ተቀመጠችና አልወርድም አለች። የነበሩት ሁሉ «እንዴት ሰው ወዳድ ናት!» ብለው ተደሰቱ፤ እኔን ግን ፍርሃት ያዘኝ።

ዘመድ ወዳጁ ደስታችንን ሊካፈል ይፈልጋል። ገንፎ ሠርተው መጥተው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያሉኝ ሴቶች አሉ፤ ይህ ቃል ለእኔ ይነገራል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ተንሰቅስቄ አልቅሻለሁ። ነገር ግን ሁሉም ሊያቅፋት፣ ሊስማት፣ ሊያጎርሳት ይፈልጋል፤ ትልቅ ድግስ ይደረግ የሚሉም አሉ። የጉዲፈቻውን ጉዳይ የያዘችልን ባለሙያ ለጥቂት ወራት ቤታችሁን ጸጥ አድርጉ ብላናለች። በእኛ ባህል ግን በር መዝጋት ነውር ነው፤ እንግዲህ ይህንን ለሰው እንዴት ይነግሩታል? ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ቋንቋ ነው፤ ስፓኒሽ በስልክ ላይ ከተማርነው ጥቂት በቀር አናውቅም፣ ቤት ውስጥ የምንናገረው አማርኛ ነው፣ ውጪው እንግሊዝኛ ነው። ሦስተኛው፣ የአደራ እናቷን ፎቶግራፍ ከአልጋዋ ራስጌ ላይ ልስቀለው ወይስ ልደብቀው?

መልስ፦ የሲያትሏ

እኅቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔና ባለቤቴ በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከሚገኝ የሕፃናት ማሳደጊያ የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ ወስደን አሳድገናል፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ የሚወጡት ልጆች እጅግ ብዙ ነበሩ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ2,500 በላይ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ መጥተዋል። እኛን ያስተናገደን ድርጅት ወረቀቱን አሟልቶ ሸኘን እንጂ ከወረቀቱ በኋላ ስላለው ኑሮ አንድም ቀን አላስተማረንም። ስለዚህ እርስዎ የፈሩትን ስሕተት እኛ ሠርተነዋል። ልጁ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት 60 ሰው ጠርተን ደገስን። ልጃችን ከጭን ወደ ጭን ሲተላለፍ ዋለ፣ ለሁሉም ሳቀ፣ ከሁሉም እጅ በላ። ከዚያ ቀን በኋላ ለአሥራ አምስት ቀን ያህል መብራት ከጠፋ አይተኛም ነበር፤ እኔም ከሌሎቹ ሴቶች መካከል አንዷ ሆኜ ቀረሁ።

ሕፃን እናቱን የሚያውቀው በስም አይደለም። ሲርበው አልቅሶ የምትመጣው፣ ሲበርደው የምታለብሰው፣ ሲፈራ የምታቅፈው ያችው አንዷ ሴት መሆኗን በሺህ ጊዜ ድግግሞሽ ነው የሚማረው። ልጅዎ ይህንን ትምህርት በካሊ ጨርሳው ነበር፤ ከዚያም አንድ ቀን ያቺ ሴት ከዓይኗ ጠፋች። ከማታውቃት ሴት ጭን ላይ መውጣቷ «ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ የእኔ የትኛዋ ናት?» ብላ መጠየቋ ነው። መልሱን የሚሰጧት እርስዎና አባቷ ብቻ ናችሁ፤ የሚያጎርሷት፣ የሚያጥቧት፣ የሚያስተኟት፣ ስትወድቅ የሚያነሧት ሌላ ሰው እንዳይኖር ያድርጉ። ወደ ሌላ ሰው ስትሄድ ያ ሰው በፍቅር «እናትሽ ያቻት» ብሎ እንዲመልሳት አስቀድመው ይንገሩ።

ለሰው እንዴት ይነገራል ላሉት፣ በእኛ ዘንድ በር መዝጋት ሁልጊዜ ነውር አይደለም። አራስ ቤትን ያስታውሱ። አራስ ከመጋረጃ ጀርባ ትሆናለች፣ ጠያቂ ከደጅ ጠይቆ ይመለሳል፣ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ሲሞላ ደግሞ ሕፃኑ ክርስትና ይነሣል፤ በዚህ የተቀየመ ዘመድ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ «ባለሙያዋ ከልክላናለች» አይበሉ፤ ይህ ለአበሻ ጆሮ ባዕድ ነው። «አራስ ነኝ» ይበሉ። ገንፎ ይዘው የመጡት ሴቶች እኮ ይህንን ከእርስዎ በፊት ተረድተውታል። ከመጣችበት ቀን አንሥተው 80 ቀን ይቁጠሩና ድግሱንም ያኔ ያድርጉት። እርግጥ ነው፣ 80 ቀን ሲሞላ ሁሉም ነገር አይስተካከልም፤ እኛ ቤት ከዓመት በላይ ፈጅቷል። ነገር ግን ዘመድ የሚያከብረውን ቀን ይሰጥዎታል።

ስለ ዳቦው፣ እባክዎ አይውሰዱባት፣ አይቆጧትም። ርኃብን የማታውቅ ልጅም ቢሆን ዓለሟ በአንድ ቀን ሲገለበጥ በእጇ የምትይዘው ነገር ትፈልጋለች። እኛ ትንሽ ሙዳይ ገዝተን፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ሞልተን፣ እጁ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥንለት፤ በጎደለ ቁጥር እንሞላለን። በስድስተኛው ወር ገደማ ረሳው። ሌሊቱን ደግሞ ፍራሽ አውርደው አጠገቧ ይተኙ፤ ቀን ቀን አንቀልባ ይጠቀሙ። ሦስት ዓመት ተኩል ትልቅ ነው የሚሉዎት ይኖራሉ፤ አይስሟቸው። ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ዓይን ለዓይን ሳይገጥም ሙቀትና ትንፋሽ ይለምዳል፣ ይህም ለምትፈራ ልጅ ይቀላታል።

ባለቤትዎም ለማቀፍ አይቸኩሉ። በየቀኑ የማይለወጥና አስደሳች የሆነ አንድ ሥራ የእሳቸው ብቻ ይሁን። የእኛው አባት የቁርስ አባት ሆነ፤ ከሦስት ወር በኋላ ልጁ ጠዋት የሚጠራው እሱን ነበር።

መልስ፦ ነርሷ (ዳላስ)

ከላይ የተጻፈውን እደግፋለሁ፤ እኔ የምጨምረው በሕፃናት ክሊኒክ ከሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁትን ነው። ለቪዛ የተደረገላት ምርመራ ለኢሚግሬሽን ሕግ የሚበቃ እንጂ የተሟላ የጤና ምርመራ አይደለም። ከውጭ አገር በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙሉ ምርመራ እንዲደረግለት ይመከራል፤ እስካሁን ካላደረጋችሁ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዙ። የደም ማነስ፣ የእርሳስ መጠን፣ የጉበት ቫይረስ ቢና ሲ፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የሰገራ ጥገኛ ተሕዋስያን፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ እንዲሁም የመስማትና የማየት ችሎታ ይታያሉ። የሳንባ ነቀርሳው ምርመራ መጀመሪያ ነፃ ቢልም ከወራት በኋላ ይደገማል፤ ይህንን ብዙ ወላጅ ይዘነጋዋል። የክትባት ካርዷን ሐኪሙ እንዲያየው ይዛችሁ ሂዱ፤ ካርዱ አጠራጣሪ ከሆነ በደም ምርመራ ማረጋገጥ ወይም መድገም ይቻላል። መርፌ በምትወጋበት ጊዜ ደግሞ እርስዎ ያቅፏት እንጂ ነርስ ይዛ አታስወጋት።

ስለ ቋንቋው፣ በዚህ ዕድሜ በጉዲፈቻ የመጡ ልጆች የሚናገራቸው ሰው ካጡ የመጀመሪያ ቋንቋቸውን በጥቂት ወራት ውስጥ ያጣሉ። አዲሱ ቋንቋ ከመሙላቱ በፊት አሮጌው ስለሚጎድል፣ በመካከሉ ልጁ የሚፈልገውን መናገር የማይችልበት ወቅት አለ፤ ብዙው ቁጣና ጩኸት የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ያላችሁን ስፓኒሽ ሳታፍሩ ተጠቀሙበት፤ «ውሃ»፣ «ያመኛል»፣ «ፈራሁ»፣ «እዚህ ነኝ» የሚሉት ቃላት ብቻ እንኳ ትልቅ እፎይታ ናቸው። ቤታችሁ ውስጥ አማርኛ ተናገሩ፣ ምክንያቱም ወላጅ ልቡን የሚያፈስበት ቋንቋ ለልጅ ይበጃል፤ እንግሊዝኛው ከትምህርት ቤት ይመጣል። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ የንግግርም ሆነ የእድገት መዘግየት ቢጠረጠርበት፣ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች በኩል ያለ ክፍያ ይመረመራል፤ ወላጅ በጽሑፍ መጠየቁ ይበቃል።

አባቷ የሚሠሩት 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ከሆነና ዓመት ከሞላቸው፣ ለጉዲፈቻም ልክ እንደ ወሊድ እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ የማግኘት መብት በፌዴራል ሕግ ሊኖራቸው ይችላል። ብዙ አባቶቻችን ይህ ለእናት ብቻ የሚሰጥ ይመስላቸዋል።

መልስ፦ የአምስት ልጆች አባት (አትላንታ)

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። የእኔ ሐሳብ ከሌሎቹ ትንሽ ይለያል። ልጅ ቶሎ ይረሳል፤ የሚረሳውንም ነገር በየቀኑ እያስታወሱ ማስለቀስ ጭካኔ ይመስለኛል። ፎቶግራፉን አስቀምጪው፣ ስታድግ ታሳይያታለሽ። አሁን ግን አንድ ቤት፣ አንድ እናት፣ አንድ ቋንቋ ቢኖራት ልቧ ያርፋል። ይህንን የምለው እንድትጎጂ ሳይሆን ሌሊቱ እንዲያጥርልሽ ነው።

መልስ፦ በአክስቱ ያደገ (ቶሮንቶ)

አባታችንን አከብራለሁ፤ በዚህ ነገር ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ለአክስቴ የተሰጠሁ ልጅ ነኝ። ሁሉም ልጅ ይረሳል ብለው ደበቁኝ። በ17 ዓመቴ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለ አንዲት አልቃሽ «እናትህን ሳትቀብር ቀረህ» አለችኝ። በሬሳ ሣጥኑ ውስጥ የነበረችው እናቴ መሆኗን ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው። አክስቴን እስከ ዛሬ እወዳታለሁ፤ ነገር ግን መንደሩ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ ያላወቅሁበትን 15 ዓመት የሚመልስልኝ የለም።

ልጅዎ ደግሞ አልረሳችም፤ በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እየነገረችዎት ነው። ፎቶግራፉ ቢነሣ ለቅሶዋ አይቀርም፣ የምታለቅስለት ሰው ፊት ብቻ ይጠፋባታል። እባክዎ ይስቀሉት፤ ስትነቃም ወደ ፎቶግራፉ እያመለከቱ «ማማ ናፈቀችሽ» ይበሏትና አብረዋት ይዘኑ። እንዲህ ያለ ልጅ ኀዘኑን የተካፈለውን ሰው ነው የሚጠጋው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕጋችን እንኳ በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይደነግጋል፤ የአደራ እናት ዝምድና በሕግ ባይጻፍም ለልጅዎ ያው ነው። «የማን ልጅ ናት?» ለሚሉዎት ደግሞ «የእኔ» ይበሉ፤ የቀረው ታሪክ የልጅቷ ስለሆነ ስትፈልግ ራሷ ትናገረዋለች።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ዛሬ 46ኛ ቀናችን ነው። ትናንት ለአማቴ ደውዬ «እማማ፣ አራስ ነኝ» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ታዲያ ምነው እስካሁን ሳትነግሪኝ፣ ማን ቅቤ ይቀባሻል?» አሉኝ፤ ለዘመዱ ሁሉ ራሳቸው ደውለው ነግረዋል። ዛሬ ጠዋት ደጃፋችን ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ገንፎ አግኝተናል፤ በሩን ያንኳኳ ሰው ግን የለም። ክርስትናዋን በ80ኛው ቀን አካባቢ እንድናደርገው ከንስሐ አባታችን ጋር ተነጋግረናል።

አባታችን ሆይ፣ ምክርዎ ከፍቅር እንደመጣ አውቃለሁ፤ እኔም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ፎቶግራፉን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ትናንት ማታ ሰቀልኩት። ልጅቷ ፍሬሙን ከግድግዳው አስወርዳ አቅፋው ተኛች፤ ሌሊትም ነቅታ አለቀሰች፣ እንዲያውም ከሌላው ቀን ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ። ልዩነቱ፣ ስታለቅስ ወደ ግድግዳው ትዞር የነበረችው ልጅ ትናንት ደረቴ ላይ ሆና ማልቀሷ ነው። ባለቤቴ ዛሬ የቁርስ አባት ሆኖ ጀምሯል፤ አሬፓ የሚባለውን የኮሎምቢያ የበቆሎ ቂጣ መጋገር ከቪዲዮ እየተማረ ነው፣ የመጀመሪያው አርሮበታል። ከእጁ አልተቀበለችም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ዞር ሲል ግን በላችው።

ባለሙያዋ ለቅዳሜ ከአደራ እናቷ ጋር በቪዲዮ የምንነጋገርበትን ጊዜ እያመቻቸችልን ነው። እንዲህ ያለ ጥሪ ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ ልጅቷ ከጥሪው በፊት ወይስ በኋላ ብትበላ እንደሚሻል፣ እኛም አብረናት እንቀመጥ ወይስ ትንሽ ራቅ እንበል፣ እስከ ዓርብ ድረስ ብትጽፉልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።