አስቸኳይ፦ ሰኞ ዶዘር ይገባል ተብለናል፣ የት ነው አቤት የሚባለው?

የጌሾ ጓሮ፦
ወገኖች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሰፈራችን ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ጣና ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። ስልሳ አባወራ ብንሆን ነው። ባለፈው ሳምንት ሰዎች መጥተው ችካል ተከሉ። ትልቅ የመኖሪያ ሰፈር ይሠራል አሉ፣ የእኛን መንደር ብዙ እጥፍ የሚሆን። ዛሬ ደግሞ ከቀበሌ ተደውሎ «ሰኞ ዶዘር ይገባል፣ ከብቶቻችሁን ከመስኩ አውጡ» ተባልን። ዛሬ ሐሙስ ነው! አባቴ ሁለት ቃዳ (ግማሽ ሄክታር ገደማ) መሬት አለው። ማንጎ፣ ቡና፣ ጌሾ አለበት። በመስኖ የተከለው ሽንኩርትም ገና አልደረሰም። ማንን ላናግር?

ዋርካው፦
ልጄ፣ ከሁሉ በፊት መብታችሁን እወቁ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን ያው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አርሶ አደር ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለውም ይናገራል። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ንብረት ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መከፈል አለበት። በቅድሚያ የምትለዋን ቃል ያዟት። አንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰቡን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ መጠየቅ አለበት ይላል። በድሮው ጊዜ ሰው ለመሬቱ ብሎ እስከ ዙፋን ችሎት በእግሩ ይሄድ ነበር። እናንተም አትሰልቹ።

ሽንኩርት ነጋዴዋ፦
ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ፎቶ አንሣ። ማንጎውን አንድ በአንድ። ስንት እግር ማንጎ፣ ስንት እግር ቡና እንደሆነ ቁጠርና ጻፍ። የእኛ ሲወሰድ ገማቾቹ የመጡት መሬቱ ከተጠረገ በኋላ ነው። ሃያ እግር ቡና ነበረን ብንል ማን ይመነን?

ተከራዩ መምህር፦
ይቅርታ አድርግልኝና አንድ ነገር ልጠይቅህ። የምትቃወሙት ቤቱን ነው ወይስ አወሳሰዱን? እኔ አስተማሪ ነኝ። በማኅበር ተደራጅተን በዝግ ሂሳብ ስንቆጥብ ዓመታት አልፈዋል። ሦስት ልጆች ይዤ በየዓመቱ ቤት እቀይራለሁ። ከተማው የት ይስፋ? ወደ ሐይቁ አይሄድ። «መንደራችን አይነካ» ብቻ ካላችሁ የሚሰማችሁ የለም።

የጌሾ ጓሮ፦
መምህር፣ ችግርህ ይገባኛል። እኔም ከተማ ውስጥ ተከራይ ነኝ። ግን አባቴ 71 ዓመቱ ነው፣ ከእርሻ ሌላ ሥራ አያውቅም። የት ሄዶ ምን ይሥራ?

ብራና፦
የሚያስፈልገውን ሳትነግረን ነው የጠየቅኸን። ቀበሌያችሁ አሁንም ገጠር ነው ወይስ ወደ ከተማ አስተዳደር ተጠቃሏል? የይዞታ ደብተር አላችሁ? የተጻፈ ትእዛዝ ደርሷችኋል? ስልክ ትእዛዝ አይደለም።

የጌሾ ጓሮ፦
እስከማውቀው ገጠር ነው። ደብተሩ በአባቴና በእናቴ ስም ነው፣ የማሳው ካርታም አለበት። በጽሑፍ የደረሰን የለም። ጥር ላይ አንድ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፣ የተገኘ ሰው ስሙን ጽፎ ፈርሟል። አሁን ያንን ፊርማ ይዘው «ተስማምታችኋል» እያሉን ነው።

ብራና፦
ዋናው ነገር ይኸውልህ! የመገኘት ፊርማ ስምምነት አይደለም። ይህን የማመልከቻችሁ የመጀመሪያ አንቀጽ አድርጉት። የቃለ ጉባኤው ቅጂ ይሰጠን ብላችሁም ጠይቁ። ሰዉ የፈረመበት ወረቀት ላይ በኋላ ርዕስ ተጽፎበት ሊሆን ይችላል።

የካሳው አዋጅ 1161/2011 ነው። ተነሺዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማወያየት እንደሚገባ ይናገራል። ካሳ ከተከፈለ በኋላም ማሳው ላይ ሰብል ወይም ቋሚ ተክል ካለ ለማስረከብ 120 ቀን ይሰጣል። እርሻውን ለዘለቄታው ለሚለቅ፣ ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈላል። በትእዛዙ ቅር ያለው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ያመለክታል። አዋጁ በ2016 ተሻሽሏል፣ ስለዚህ ማሻሻያውንም ጠበቃ ያንብብላችሁ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ነገ ጠዋት ደብተሩን ይዘህ ሂድ። ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ እንገባለን ካሉ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስና እግድ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ በግልጽ ጠይቃቸው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ አዋጁ ነባር ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት ራሳቸው እናልማ ካሉ የቅድሚያ መብት ይሰጣል። መምህሩ ላነሣው ጥያቄ መልስ የሚሆነው ይሄ ነው። ልጆቻችሁ ተደራጅተው ይጠይቁ።

አለሁ በሉ፦
ፎቶ አንሡ። ቪዲዮም አድርጉ። ደብተሩንም ፎቶ አንሡት።

ሽንኩርት ነጋዴዋ፦
እኔ ያልኩትን ነው የደገምከው፣ ግን ይደገም።

ጀልባ ቀዛፊው፦
አይዟችሁ። ዝናብ ከጣለ ያ ዶዘር ዋልካው ውስጥ ገብቶ እናንተን «በሬ አምጡና ጎትቱኝ» ይላል።

የደንገል ልጅ፦
ሳቁ ይቆየንና፣ ዳሩ ላይ ደንገል አለ? የዓሣው መራቢያም የታንኳውም ነገር በደንገሉ ነው። ጣና ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው። እምቦጭ ያደረሰበትን ሁላችንም አይተናል፣ የዚያ ሁሉ ቤት ፍሳሽ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ለትልልቅ ፕሮጀክቶች የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የሚጠይቅ ሕግ ከ1995 ጀምሮ አለ። የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። «ሪፖርቱን አሳዩን» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ ማንም ካልመለሰላችሁ፣ ያንኑ አለመመለሱን ጻፉት።

የጌሾ ጓሮ፦
ዓርብ ነው። አርባ ሦስት ሰው ፈርሞ ማመልከቻ ወሰድን። መዝገብ ቤቷ «ኃላፊው የለም፣ አልቀበልም» አለችን። አባቴ በሩ ላይ ተቀምጧል፣ አልነሣም ብሏል።

ብራና፦
አባትህን ውሃ አጠጣው፣ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ። ማመልከቻውን ፖስታ ቤት ወስዳችሁ በሪኮማንዴ (ተመዝግቦ በሚላክ ፖስታ) ላኩት፣ ደረሰኙ ማስረጃ ነው። ግልባጭ ለወረዳ፣ ለዞንና ለክልል መሬት ቢሮ። አልቀበልም የተባለበትን ሰዓት የሦስት ምስክሮች ስም ይዛችሁ ጻፉ። ፖስታ ቤት ሳይዘጋ ሩጡ።

ዋርካው፦
ሽማግሌዎችና የደብሩ አባቶችም አብረው ይሂዱ። ሰው ሲበዛ በር ይከፈታል።

ሽንኩርት ነጋዴዋ፦
ዛሬ ማክሰኞ ነው። ወንድሜ፣ ምን ደረሳችሁ? ሽንኩርቱስ ተረፈ?