የቁስል እጥበት ታካሚዎቻችን እያመረቀዙ ነው፤ አስቸኳይ ምክር እፈልጋለሁ

ጠያቂ (የጤና ጣቢያ ነርስ)፦ እንደምን አመሻችሁ ባልደረቦቼ። ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ለቁስል እጥበት እኛ ጋ የሚመላለሱ ታካሚዎች ተራ በተራ እያመረቀዙብኝ ነው። የአንዱ መግል ተመርምሮ ሜቲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የተላመደ ስታፊሎኮከስ የሚባል ጀርም መሆኑ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተነገረኝ። ሴፍትሪያክሶን የተባለውን አንቲባዮቲክ ሰጥተን ለውጥ አላየንም፤ መሣሪያ በእንፋሎት የምናመክንበት አውቶክላቭም ግፊት አልይዝ ብሏል። ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወረፋ የያዙ ስላሉ ይህን ጀርም የሚገድለውን ቫንኮማይሲን ከየት አግኝቼ እንዴት እንደምሰጥ ዛሬውኑ ንገሩኝ።

ፋርማሲስት፦ በቅድሚያ ሴፍትሪያክሶን ለምን እንዳልሠራ መረዳት ይገባል። ይህ ጀርም መድኃኒቱ የሚጣበቅበትን ፕሮቲን ስለለወጠ ሴፍትሪያክሶንም ሆነ የፔኒሲሊን ዘመዶች አይበግሩትም። ሜቲሲሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ሥራ ላይ ውሎ የተላመደው ጀርም በ1961 እንግሊዝ ውስጥ መገኘቱ ሲታሰብ ነገሩ አዲስ አይደለም። እኛ ግን ሴፍትሪያክሶንን ለጉንፋንም፣ ለወገብ ሕመምም እናዛለን፤ ትንሽ ብንቆይ ለፍቅር ስብራትም ሳናዝ አንቀርም።

የሕክምና መሣሪያ ቴክኒሻን፦ አውቶክላቩ ግፊት የማይይዘው አብዛኛውን ጊዜ የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም የእንፋሎት መልቀቂያው ሲያፈስ ነው። ከተጠገነም በኋላ የተጠቀለለ ዕቃ በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ መቆየቱ ሳይረጋገጥ መክኗል አይባልም።

ሌላ አባል፦ እኔም የምለው ጎማውን ይቀይሩ ነው። የእኛ የዳነው በጎማ ነው።

ጠያቂ፦ ጎማው በቅርቡ ተቀይሯል። እኔ የጠየቅሁት ስለ መድኃኒት ነው።

የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያ፦ እህቴ፣ እኔ የማልስማማው ከጥያቄው ከራሱ ጋር ነው። ቫንኮማይሲን ቢያንስ በ60 ደቂቃ በደም ሥር ተንጠባጥቦ፣ የኩላሊት ሁኔታ እየታየ የሚሰጥ ስለሆነ የጤና ጣቢያ መድኃኒት አይደለም፤ ቢገኝ እንኳ ጀርሙን ከታካሚ ወደ ታካሚ የሚያደርሰውን እጅና መሣሪያ አያስቆምም። ሳቭሎን (ፀረ ጀርም ፈሳሽ) ጠርሙስ ውስጥ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ለሁሉም ጥጥ የሚያነሳ መቆንጠጫ ካላችሁ ነገ ከክፍሉ ይውጣ፤ ጠርሙሱ ሳይታጠብ እየተጨመረበት የሚከርም ሳቭሎን ራሱ ጀርም ያረባል። ለእያንዳንዱ ታካሚ የራሱ የመሣሪያ ስብስብ ይቅረብ፤ ዕቃውን በአቅራቢያችሁ ባለ ሆስፒታል አስመክኑ። ፈጽሞ ካልተቻለ በደንብ ታጥቦ፣ ውኃው ከፈላ በኋላ 20 ደቂቃ ይቀቀል፤ ሆኖም መቀቀል ስፖሮችን (ሙቀት የሚቋቋሙ የጀርም ዘሮችን) ስለማይገድል ማምከን አይደለም። ንጹሕ ቁስል ያላቸው ቀድመው፣ ያመረቀዘባቸው መጨረሻ ይስተናገዱ። ጋሪውና አልጋው በየመካከሉ በ0.5 በመቶ ክሎሪን ይወልወል፤ በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ የእጅ አልኮል ካለቀባችሁ በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር መሥራት ይቻላል፤ 8,333 ሚሊ ሊትር ባለ 96 በመቶ ኢታኖል፣ 417 ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና 145 ግሊሰሮል ተደባልቆ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 10 ሊትር ይሞላል። 72 ሰዓት ሳይቆይ ግን ለነገ ጠዋት አይደርስላችሁም።

ቴክኒሻኑ፦ አዲስም ቢሆን ጎማው የሌላ ሞዴል እንዳይሆን።

ሐኪም፦ መግል የቋጠረ ስፌት ተከፍቶ ካልፈሰሰና ካልታጠበ የትኛውም መርፌ ብቻውን አያድነውም። ትኩሳት ካለው ወይም ቅላቱ እየሰፋ ከሆነ ሌሊቱን ሳታሳድሩ ከምርመራው ውጤት ጋር ሪፈር ጻፉለት። ሲስተር፣ ሙቀቱ ስንት ነው? ስፌቱስ ተከፍቷል?